ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ፊደሉም ነጥቡም ይምታታብኛል፤ ምን ላድርግ?

ዕጩዋ

ሰላም ለሁላችሁ፡፡ ዕጩ መምህር ነኝ፡፡ በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ትምህርት ቤት እንመደባለን፡፡ የሚያስጨንቀኝ ማስተማሩ አይደለም፣ ከልጆች ጋር ደህና ነኝ፡፡ የሚያስጨንቀኝ ጽሁፌ ነው፡፡ ለራሴ ማስታወሻ ስይዝ ምንም አይመስለኝም፣ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ስቆም ግን እጄ ይያዛል፡፡ «ሀሳብ» ነው፣ «ሐሳብ» ነው ወይስ «ሃሳብ»? ሦስቱንም ያየሁ ይመስለኛል፡፡

ክፍል ውስጥ እርስ በርስ ስናስተማምር አስተማሪያችን ከኋላ ቁጭ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ ስለ አቀራረቤ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ «ፊደልሽን አስተካክይ፣ ነጥብም የት እንደሚገባ እወቂ» ብለውኝ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ፡፡ እንዴት እንደማስተካክል አልነገሩኝም፡፡ ስለ ማስተማር ዘዴ ብዙ ተምረናል፣ ስለ ፅሑፍ ግን «ይህንን ታውቃላችሁ» ተብሎ ነው የታለፈው፡፡

የፊደል ገበታውን እንደ ሕፃን ከሀ እስከ ፐ ልከልሰው ወይ? ወይስ በየቀኑ ቃል ልሸምድድ? ሥርዓተ ነጥብማ አታንሱት፡፡ አራት ነጥብ መጨረሻ ላይ እንደሚገባ አውቃለሁ፡፡ ሌላውን በግምት ነው የማስገባው፣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ነጠላ ሰረዝ፣ በጣም ሲያጥረኝ ድርብ ሰረዝ፡፡ መቀለድ የፈለገ ይቀልድ፣ ግን መፍትሔም ጣል ያድርግልኝ፡፡

ጠመኔ

እህቴ፣ ከቀልዱ በፊት አንድ ነገር ላሳይሽ። እዚሁ ጥያቄሽ ውስጥ አንድ ቦታ «ጽሁፌ» ብለሻል። ትንሽ ወረድ ብለሽ ደግሞ «ፅሑፍ»። ላሳፍርሽ አይደለም። ችግርሽ ፊደል አለማወቅ እንዳልሆነ ይሄ ራሱ ይናገራል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ታውቂያቸዋለሽ፤ ለዚህ ቃል የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ግን አልወሰንሽም፣ ስለዚህ ቀድሞ እጅሽ ላይ የመጣው ይገባል። የፊደል ገበታ መከለሱን ተይው፣ ከሱ የምታገኚው የለም።

ቃል በቃል መሸምደዱም አያዛልቅም። ቃላት ዘመድ አላቸው፤ በዘመድ ያዣቸው። «ጸሐፈ»ን አንዴ ከያዝሽ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ፣ መጻሕፍት አብረው ይመጣሉ። ድምፁ ይለዋወጣል እንጂ ጸሎቱ ጸ እና ሐመሩ ሐ ከቤቱ አይወጡም። «ሠዐለ» ካልሽ ሥዕል እና ሠዓሊ። «ኀበረ» ካልሽ ኅብረት፣ ማኅበር፣ ኅብረተሰብ። «ኀለፈ» ካልሽ ኃላፊ እና ኃላፊነት። «ዐወቀ» ካልሽ ዕውቀት እና ዐዋቂ። አንቺ በየቀኑ ሰሌዳ ላይ የምትጽፊውን አስቢ፤ ምዕራፍ፣ ዐረፍተ ነገር፣ ዕረፍት። ሦስቱም የ«ዐረፈ» ልጆች ናቸው፣ ሦስቱም በዓይኑ ዐ ይጻፋሉ። አንድ ግሥ ያዝሽ፣ ሦስት ቃል አረፈልሽ።

የሞክሼዎቹ፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ መልካቸው የተለያየ ፊደሎች፣ ስምም ዝም ብሎ አልወጣም። ንጉሡ ሠ የተባለው «ንጉሥ» በሱ ስለሚጻፍ ነው፣ እሳቱ ሰ ደግሞ «እሳት» ስለሚጻፍበት። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፣ ዓይኑ ዐ፣ ብዙኃኑ ኀ እንደዛው። ስሙን ስትጠሪ አንድ ትክክለኛ ቃል በነጻ ይዘሻል ማለት ነው። የኔታ ዘንድ የተማረ ሰው «በየትኛው ሰ ነው?» ስትዪው «በንጉሡ» ብሎ ቁርጡን ይነግርሻል። አንቺም ለራስሽ እንዲህ ብለሽ መልሺ፣ በልብሽም ቢሆን።

ደግሞ የሚምታቱትን ጎን ለጎን አስቀምጪ። «መሀረ» በግዕዝ አስተማረ ነው፣ «መሐረ» ይቅር አለ። ስለዚህ መምህርና ትምህርት በሀሌታው ሀ፣ ምሕረት በሐመሩ ሐ። የሙያሽን ስም በሐመሩ ከጻፍሽው ከማስተማር ወጥተሽ ይቅር ባይ ሆነሽ ቁጭ ነው። ሥዕል ከ«ሠዐለ» ነው፣ ስእለት ግን ከ«ሰአለ»፣ ለመነ ማለት ነው። ሕንጻ በጸሎቱ፣ ሕፃን በፀሐዩ። ትእዛዝ በአልፋው አ፣ ትዕግሥት በዓይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ።

ትንሽ ደብተር ያዢ። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ዝርዝር አትሙዪበት። የራስሽን እጅ ያሰናከለሽን ቃል ብቻ። ቃሉን እዪው፣ ሸፍኚው፣ ጻፊው፣ ገልጠሽ አመሳክሪ። በማግስቱ ሳታዪ ድገሚው። ከሳምንት በኋላ እንደገና። ዝም ብሎ ማየት አያስይዝም፣ ፊደልን የሚይዘው እጅ ነው። ከተጠራጠርሽ ደግሞ ጓደኛ ከመጠየቅ መዝገበ ቃላት ይሻላል፤ የደስታ ተክለ ወልድን (1962 ዓ.ም.) ካገኘሽ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀርልሻል።

ቀጥታ

እኔ ልቃወም። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምጽ ናቸው። ሰ እና ሠም እንደዛው። በግእዝ ልዩነት ነበራቸው፣ እሺ፣ ዛሬ አፋችን ላይ የለም። ታዲያ ምን ያስጨንቃል? «ጸሀይ» የሚለውን ቃል በሞክሼዎቹ 12 አይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል። ለመጀመሪያዋ ፊደል ሁለት ምርጫ፣ ለሁለተኛዋ ስድስት፣ አባዙት። «ሀይለ ስላሴ»ን ከጻፋችሁ 24 ይደርሳል። ይሄንን ሁሉ ለአንዲት ጀማሪ መምህር ማሸከም ምን ይሉታል?

አንዱ ይበቃል። ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ይዘሽ ስራሽን ስሪ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፣ አንባቢም ይረዳዋል፣ ማንም አልሞተም። የልጅ ጭንቅላት ላይ ስርወ ቃል ከመጫን ልጁ ሀሳቡን ደፍሮ እንዲጽፍ ማድረግ ይበልጣል። ሲጽፍ በየቃሉ እየቆመ «በየትኛው ሰ ነው?» የሚል ልጅ አንድ አንቀጽ ሳይጨርስ ይደወላል።

ሞክሼ

ቀጥታ፣ ያንተ አጻጻፍ ደስ የሚለው ወጥ መሆኑ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ አልተንሸራተትክም፣ ሆን ብዬ ነው ያየሁት። እንዳንተ ወስኖ በአንዱ የሚጽፍ ሰውና አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ የሚጽፍ ሰው አንድ አይደሉም። የዕጩዋ ችግር ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ግን ተማሪ ፊት ስትቆም ምርጫው የብቻህ አይሆንም። መማሪያ መጽሐፉ ላይ «ሥዕል» ታትሞ ሰሌዳህ ላይ «ስእል» ካለ፣ ገና ማንበብ የሚጀምር ልጅ ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። ለምን እንደተለያየ የሚያስረዳው ሰው የለም። ስለዚህ የኔ መመሪያ ቀላል ናት፤ ክፍል ውስጥ መጽሐፉ እንደጻፈው። መጽሐፉ ራሱ እዚህና እዚያ ከተለያየ፣ አማርኛ የምታስተምሩ መምህራን ተቀምጣችሁ በአንዱ ተስማሙ። አንዱ ክፍል በንጉሡ፣ አጠገቡ ያለው ክፍል በእሳቱ ከሚሆን ሁለታችሁም ብትሳሳቱ ይሻላል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ስለ ፊደል ሲነሳ ወዲያው ወደ ሞክሼ ይሮጣል። ሞክሼ ያከራክራል፣ ቀጥታም እውነት አለው። የማያከራክሩትን ግን ማን ያንሳቸው? «ነው» መሆን ሲገባው «ነዉ»፣ «ሰው» መሆን ሲገባው «ሰዉ»። «ስለዚህ»ና «እዚህ» መጨረሻቸው ተበልቶ «ስለዚ»፣ «እዚ»። «በልቼ» ለማለት «በልቸ»፣ «ልጄ» ለማለት «ልጀ»። «ሟች»ን «ሙዋች»፣ «ቋንቋ»ን «ቁዋንቁዋ»፣ «መጥቷል»ን «መጥቱዋል»። «መምህራን» ብሎ መጨረስ ሲቻል «መምህራኖች»፣ ብዙ ላይ ሌላ ብዙ። እነዚህን የሚደግፍ ወገን የለም፣ ቀጥታም አይደግፋቸውም። እኔ ዕጩዋን ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው፣ ምክንያቱም ጥቂት ናቸው፣ ተደጋጋሚ ናቸው፣ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ከሩቅ ይታያሉ።

ቀጥታ

«ሙዋች»ን እንኳን አልደግፍም። በዚህ ተስማምተናል።

ዕጩዋ

ጠመኔ፣ «ምዕራፍ»ና «ዐረፍተ ነገር» ዘመድ መሆናቸውን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም። ደብተሩን ጀምሬያለሁ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጸሐፈ» ከነልጆቹ ተቀምጧል። ሞክሼ፣ «ነዉ»ን ስልኬ ላይ ፈልጌ ደነገጥኩ፣ የላክሁት መልእክት ሁሉ እሱ ነው።

ነጥቡንስ ማን ይንገረኝ?

አራሚ

ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ስለሆነ ይቺን ለኔ ተዉልኝ።

ዕጩዋ፣ የትንፋሹን ዘዴ ጣይው። ያንቺ ትንፋሽና የኔ ትንፋሽ አንድ አይደለም። ሯጭ ከሆንሽ አንድ ገጽ ያለ ነጠላ ሰረዝ ልትወርጂ ነው። ግሡን እዪ። አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ ነው የሚገፋው፣ ስለዚህ ነጥቡ የሚወሰነው ግሡ ያስራል ወይስ አያስርም በሚለው ነው። ምሳሌ፦

ዝናቡ ስላቆመ፣ ልጆቹ ወደ ሜዳ ወጡ።

«ስላቆመ» ብቻውን አያስርም። «ዝናቡ ስላቆመ» ብለሽ ዝም ብትዪ ሰሚው «እና?» ይልሻል። ስለዚህ ነጠላ ሰረዝ። አሁን ይቺን እዪ፦

ዝናቡ አቆመ፤ ልጆቹ ወደ ሜዳ ወጡ።

«አቆመ» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። እዚያው ላይ አራት ነጥብ ማድረግ ይቻላል፣ ማንም አይከስሽም። ሁለቱ ሐሳቦች ግን ስለተያያዙ ድርብ ሰረዝ አገናኛቸው። እንግዲህ መፈተኛው ይሄ ነው፤ ቦታው ላይ አራት ነጥብ ብታስገቢ ዐረፍተ ነገሩ ይቆማል? ከቆመ ድርብ ሰረዝም ይሆናል። ካልቆመ ነጠላ ነው ወይም ምንም አያስፈልገውም። ድርብ ሰረዝን «ትልቅ ነጠላ ሰረዝ» አድርጎ የሚያስብ ሰው ሁሌም ይሳሳታል። እውነቱን ለመናገር የታተመ ጽሑፍ ላይም ብዙ ጊዜ ሲደባለቁ ታያለሽ፣ እዚህ መድረክ ላይም እንደዛው። ለአንቺ ግን መፈተኛው ይበቃሻል።

ነጠላ ሰረዝ ጌጥ እንዳልሆነ ለተማሪዎችሽ ማሳየት ከፈለግሽ ይቺን ሰሌዳ ላይ ጻፊ፦

ልጁ እያለቀሰ የሄደውን ሰው ጠራ።

ማን ነው ያለቀሰው? ግማሹ ክፍል «ልጁ» ይላል፣ ግማሹ «ሰውየው»። ከዚያ «ልጁ እያለቀሰ፣ የሄደውን ሰው ጠራ» ብለሽ አስተካክይ፤ ያለቀሰው ልጁ ሆነ። አጥፊና «ልጁ፣ እያለቀሰ የሄደውን ሰው ጠራ» ብለሽ ጻፊ፤ ዕንባው ወደ ሰውየው ዞረ። አንድም ቃል አልተነካም። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልመለስና፣ ሁሉም ሰው ያለፈውን ልንገርሽ። አራት ነጥቦችሽ አራት ነጥብ አልነበሩም። ሁለት ነጥብ ሁለቴ ነክተሽ ነው የሠራሻቸው። ዓይን አይለየውም፣ ኮምፒዩተር ግን ይለየዋል። «።» ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ፡፡ ግን የቃል መለያው ሁለት ነጥብ ተደግሞ ነው። ሰነድ ውስጥ አራት ነጥብ ፈልጊ ብትዪውም አያገኝልሽም። የስልክሽ ገበታ ላይ ። ለብቻው አለ፤ የሥርዓተ ነጥቡን ገጽ ክፈቺና ፈልጊው።

የቀረው ቀላል ነው። ምልክቱ ከፊቱ ካለው ቃል ጋር ይጣበቃል፣ ክፍተቱ ከኋላው ነው። የጥያቄ ምልክት ካስገባሽ አራት ነጥብ አትደርቢበት፤ «ገባችሁ?።» የሚል ነገር በየፈተና ወረቀቱ አያለሁ። ዝርዝር ስትጀምሪ ፦ አለልሽ። ቃል ስታሳጥሪ እዝባር ወይም ነጥብ፤ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዓ.ም.። ቃለ አጋኖን አንድ ብቻ። ሦስት ስትደረድሪ የተቆጣሽ ነው የሚመስለው። እግረ መንገዴን፣ ለሽሙጥ የሚሆን ትእምርተ ስላቅ የሚባል ምልክትም አለን፣ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ነው፣ ¡ እንዲህ። ሰው ረሳው እንጂ ለማኅበራዊ ሚዲያ የተፈጠረ ነው የሚመስለው።

ለልምምድ የምመክረው አንድ ብቻ ነው። በደንብ ከታተመ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ውሰጂ። ነጥቦቹን ሁሉ አውጥተሽ በደረቁ ገልብጪው። አሳድሪው። በማግስቱ መጽሐፉን ሳታዪ ነጥቦቹን መልሺና አስተያዪ። የተለያያችሁበት ቦታ ሁሉ ስሕተት አይደለም፣ አንዳንዱ ምርጫ ነው። ግን በተለያያችሁ ቁጥር «ለምን እዚህ አስገባው?» ብለሽ ግሡን ፈልጊ።

ከኋላ ወንበር

እኔ ልምምዱን ጨርሼ የመጣሁ ነኝ፣ ትኩሱን ልንገርሽ። ቤትሽ ውስጥ ስትጽፊና ክፍል ውስጥ ስትጽፊ አንድ አይደለም። ጀርባሽን ሰጥተሽ፣ አንዱ ሲያስነጥስ፣ አንዱ እርሳሱ ጠፍቶበት ሲከስ፣ ሱፐርቫይዘርሽ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያይሽ፣ የምታውቂው ቃል ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ የሚወጣውን ሁሉ ሌሰን ፕላንሽ ላይ ቀድመሽ በትክክል ጻፊው። ርእሱን፣ ዓላማውን፣ አዳዲስ ቃላቱን፣ ምሳሌ ዐረፍተ ነገሮቹን፣ ከነነጥባቸው። ክፍል ውስጥ መገልበጥ እንጂ መፍጠር አይኖርብሽም። ጽፈሽ ስትጨርሺ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በይና ከሩቅ አንብቢው፣ ጮክ ብለሽ ብታነቢው ደግሞ ልጆቹም አብረው ያነባሉ፣ ማንም እያረምሽ መሆንሽን አይጠረጥርም።

ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም» ይልሻል። ይመጣል፣ ተዘጋጂ። አትቆጪው። «እስቲ አብረን እንየው» በይና መጽሐፉን አስገልጪ። እሱ ትክክል ከሆነ ጠመኔውን ስጪውና ራሱ ያርመው። ያን ቀን ክፍሉ በሙሉ ፊደል ሲመረምር ይውላል።

አንድ ሌላ ያልጠበቅሁት ነገር ደግሞ አለ። ደብተር ማረም ፊደል ያበላሻል። ክምር ደብተር ላይ «ስለዚ»፣ «ስለዚ»፣ «ስለዚ» ስታዪ አምሽተሽ ትክክለኛው ራሱ እንግዳ ይሆንብሻል። እርማት ስትጨርሺ አንድ ሁለት ገጽ ደህና ጽሑፍ ማንበብ ዓይንን ይመልሳል። እርማቱንም ቢሆን ሁሉንም ቀይ አታድርጊው። ለአንድ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ስሕተት ምረጪ፣ ክበቢ፣ ራሱ አስተካክሎ ይጻፈው። አንቺ አስተካክለሽ ከጻፍሽለት የተለማመድሽው አንቺ ነሽ።

ዕጩዋ

የእርማቱ ነገር አልታየኝም ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ቃለ ጽሕፈት፣ ዲክቴሽን የሚሉት፣ ለኛ ለትልልቆቹ ይሠራል? ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ልንሞክር አስበናል፣ እሷም እንደኔ ናት።

ጠመኔ

በደንብ ይሠራል፣ ግን ነጠላ ቃል አትጠራሩ። ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሁን፣ ሞክሼ ያለበት፣ ነጥብ የሚፈልግ። አንዷ ስታነብ ነጥቡን አትናገር፣ ድምጿ ይናገር። ከዚያ ደብተር ተለዋወጡና እርስ በርስ ተራረሙ፤ የሰው ስሕተት ከራስ ስሕተት ቶሎ ይታያል። ያልተስማማችሁበትን ቃል ሁለታችሁም ደብተራችሁ ላይ አስገቡና መዝገበ ቃላት ፈልጉ፣ «እኔ ነኝ ልክ» ተባብላችሁ እንዳታመሹ።

የመጀመሪያውን ሌሰን ፕላንሽን ደግሞ ስምሽንና የትምህርት ቤቱን ስም አውጥተሽ እዚህ ለጥፊው። አራሚ ነጥቡን ያይልሻል፣ እኔ ፊደሉን። ቀጥታ ይጨቃጨቃል።

ቀጥታ

እጨቃጨቃለሁ። ለጥፊው።

ዕጩዋ

ማታ እለጥፈዋለሁ። ርእሱ «የሥርዓተ ነጥብ አጠቃቀም» ነው፣ እኔ አልመረጥኩትም።